ዲዲ፡ በማድሪድ ቦታ ያጣው የዓለም ኮከብ

በእግር ኳሱ ዓለም ዲዲ በሚል ስም የሚታወቀው ዋልዲር ፔሬራ እ.አ.አ በ1928 በብራዚል ካምፖስ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ ጉልበቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ሳቢያ እግሩን ሊያጣ ተቃርቦ የነበረ ቢሆንም፣ አገግሞ በሪዮ ዲ ጄኔሮዎቹ ፍሉሚኔንሴና ቦታፎጎ ክለቦች ስመ ጥር የመሀል ሜዳ ተጫዋች ለመሆን በቅቷል።

ዲዲ ራሱ ከመሮጥ ይልቅ ኳሷን ማስሮጥ የሚመርጥ፣ በረጋ መንፈስ ጨዋታውን የሚመራ ተጫዋች ነበር። አየር ላይ አቅጣጫቸውን ቀይረው ድንገት የሚወርዱት የቅጣት ምቶቹም «ደረቅ ቅጠል» የሚል ስያሜ አትርፈዋል። ብራዚል እ.አ.አ በ1958 በስዊድን የመጀመሪያዋን የዓለም ዋንጫ ስታነሳ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተመርጧል።

በተከታዩ ዓመት የአውሮፓ ሻምፒዮን የነበረው ሪያል ማድሪድ ዲዲን በታላቅ ተስፋ አስፈረመው። ይሁን እንጂ የማድሪድ ጨዋታ በአልፍሬዶ ዲ ስቴፋኖ ዙሪያ የሚሽከረከር ነበር። ዲ ስቴፋኖ አጥቂ ቢሆንም ወደ መሀል ሜዳ እየተመለሰ ኳስ የማከፋፈሉን ሥራ ራሱ ያከናውን ስለነበር፣ ዲዲ የተካነበት ኃላፊነት አስቀድሞ ባለቤት ነበረው። በሁለቱ ተጫዋቾች መካከል ቅራኔ እንደነበረም በስፋት ይነገራል። የዲዲ እርጋታም እንደ ዳተኝነት ተቆጥሮ ለወቀሳ ዳረገው።

በብራዚሉ ፍላሜንጎ ክለብ ያሠለጠኑትና የብራዚልን እግር ኳስ ጠንቅቀው የሚያውቁት ፓራጓያዊው አሠልጣኝ ፍሌይታስ ሶሊች እ.አ.አ በ1960 በሚጌል ሙኞዝ ተተኩ። በዚያው ዓመት ማድሪድ በግላስጎው አይንትራክት ፍራንክፈርትን 7 ለ 3 አሸንፎ አምስተኛውን የአውሮፓ ዋንጫ ሲያነሳ ዲዲ አልተሰለፈም። ብዙም ሳይቆይ ወደ ቦታፎጎ ተመለሰ።

በማድሪድ ቆይታው የተነሳ ብቃቱ እንዳበቃለት ቢገመትም፣ ዲዲ እ.አ.አ በ1962 በቺሊው የዓለም ዋንጫ በስድስቱም ጨዋታዎች ተሰልፎ ብራዚል ዋንጫውን ዳግም እንድታነሳ አስችሏል። በማድሪድ የጎደለው የተጫዋቹ ችሎታ ሳይሆን፣ ችሎታው ሥራ ላይ የሚውልበት ቦታ እንደነበር ይህ ውጤት አረጋግጧል።

ዲዲ ከዚያ በኋላ ወደ አሠልጣኝነት በመዞር ፔሩን እ.አ.አ ለ1970ው የዓለም ዋንጫ አብቅቶ እስከ ሩብ ፍጻሜ አድርሷል። በዚያም በአገሩ ብራዚል 4 ለ 2 ተሸንፎ ከውድድሩ ተሰናብቷል። እ.አ.አ በ2001 በተወለደ በ72 ዓመቱ በሪዮ ዲ ጄኔሮ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።