የቀበቶው ሰው፦ ኒልስ ቦህሊን እና የአቡያ ላንድክሩዘር

መምህራችን ከሞቱ ብዙ ዘመን ካለፋቸው ታዋቂ ሰዎች የአንዱን ሕይወት፣ ያለ ምንም ጥቅስ፣ በራሳችን ቃል ጽፈን እንድናመጣ ሲያዙን ግማሹ የክፍላችን ልጅ አፄ ቴዎድሮስን መረጠ። የቀረው ጸጋዬ ገብረመድህንንና አበበ ቢቂላን ተከፋፈለ። እኔ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ስዊድናዊ ይዤ ስቀርብ መምህሩ ታዋቂነቱን ተጠራጠሩ። ስሙ ባይታወቅም ሥራው በየቀኑ ደረታችን ላይ ያልፋል ብዬ ተከራከርኩና ተፈቀደልኝ። (የውጭውን ታሪክ ስናገር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሰውየውን የመረጥኩት በታናሽ እህቴ ግንባር ምክንያት ነው።

የነጌሌ ቦረና ልጅ ነኝ። የእናቴ ወንድም፣ እኛ አቡያ የምንላቸው፣ ከእኔ ዕድሜ በላይ የሆነች ላንድክሩዘር አለቻቸው። ወደ ፊልቱ፣ ወደ ክብረ መንግስት፣ አንዳንዴም እስከ ዶሎ ኦዶ ይሠሩባታል። የቆላው ፀሐይና ቀይ አቧራ ያልበላው ነገር የላትም። የፊት ተሳፋሪው ቀበቶ ጥብጣብ ጠርዙ ተበጣጥሶ፣ መሀሉ ላይ ሳስቶ፣ ቀለሙም ከጥቁርነት ወደ አመድነት ተለውጦ ነበር። አቡያ ታዲያ ምን አደረጉ? ገበያ ዳር ለተቀመጠ ጫማ ሰፊ ሰጡት። ልጁም የሳሳውን ቆርጦ፣ ሁለቱን ጫፍ ደርቦ፣ በወፍራም ክር አጥብቆ ሰፋው። ስፌቱ ያምር ነበር፤ እኔም አድንቄያለሁ።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከክብረ መንግስት ወደ ነጌሌ ስንወርድ ግመል መንገድ አቋረጠችን። አቡያ ፍሬን ያዙ። መኪናዋ እየተንሸራተተች መንገድ ዳር ካለ የድንጋይ ክምር ጋር ተላተመች። ፍጥነታችን ከ40 የሚበልጥ አይመስለኝም። ያ ያማረ ስፌት ጧ ብሎ ተተረተረና እህቴ በግንባሯ ክሩስኮቱን መታችው። አራት ቦታ ተሰፋች። ሆስፒታል ደጃፍ ተቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀበቶ አስራ ነበር እኮ! ታዲያ ቀበቶ ማለት ምንድን ነው? ማን ሠራው? እንዴትስ ነው የሚሠራው? ከዚያ በኋላ ነው ኒልስ ቦህሊንን ያገኘሁት።

ኒልስ ኢቫር ቦህሊን ሐምሌ 17 ቀን 1920 ሄርኖሳንድ በምትባል የስዊድን የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለደ። እዚያው በመካኒካል ምህንድስና ተምሮ በ1939 በዲፕሎማ ተመረቀ። በ1942 ሳብ ከሚባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ገባ። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሰውየው ሕይወት የሚገርመው። በሳብ ቤት የሠራው ሥራ ሰውን አጥብቆ ማሰር ሳይሆን ሰውን ወደ ውጭ መወርወር ነበር። የጦር አውሮፕላን ሲመታ አብራሪውን ከነመቀመጫው ወደ ሰማይ የሚያስፈነጥር ወንበር! ወንበሩ በተፈነጠረ ቅጽበት የሰው አጥንት ምን ያህል ኃይል ይችላል? የትኛው የሰውነት ክፍል ይሸከማል፣ የትኛው ይሰበራል? ቦህሊን በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ኖረ።

በ1958 ቮልቮ ቀጠረው። እኔ ቮልቮ ሲባል ትዝ የሚለኝ የጭነት መኪናው ነው፤ ለካ ኩባንያው በዚያ ዘመን የቤት መኪናም ይሠራ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ጉናር ኤንጌላው ይባል ነበር። የቅርብ ዘመዱ በመኪና አደጋ ሞቶበት ነበር፤ ለሞቱም በጊዜው የነበረው ባለ ሁለት ነጥብ ቀበቶ ድክመት አስተዋጽኦ ነበረው ይባላል። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። የአንድ ሰው ሐዘን ሌላውን ሰው ሥራ ላይ አቆመው ማለት ነው።

ሁለት ነጥብ ማለት በሁለት ቦታ ብቻ የሚታሰር ነው። አንዳንዱ እንደ አውሮፕላን ተሳፋሪ ቀበቶ በወገብ ብቻ ያልፋል፤ ሲጋጩ የላይኛው አካል ወደ ፊት እንደ መጽሐፍ ይታጠፋል፣ ሆድ ዕቃም ይጎዳል። ሌላው በደረት ላይ ብቻ በሰያፍ ይወርዳል፤ ሰውየው ከስር ሊሾልክ ይችላል። በአሜሪካ ሮጀር ግሪስዎልድና ሂዩ ዴሄቨን የተባሉ ሰዎች በ1955 ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የባለቤትነት መብት አግኝተው ነበር፤ የእነሱ ግን መቆለፊያው ሆድ ላይ ያርፋል። በግጭት ጊዜ ብረት ሆድ ላይ ምን እንደሚሠራ መገመት አያቅትም።

ቦህሊን ችግሩን በአንድ ዓመት ገደማ ፈታው። መፍትሔው ሲያዩት ቀላል ነው። አንዱ ጥብጣብ በወገብ አጥንት ላይ፣ ሌላው በትከሻና በደረት ላይ ያልፋል፤ ሁለቱ ከመቀመጫው ጎን ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ቅርጹ ጫፉ ወደ ወለል እንደሚያመለክት የእንግሊዝኛ ቪ ፊደል ነው። ኃይሉ የሚያርፈው በጠንካራው አጥንት ላይ ነው፤ በዳሌና በደረት። ከዚያ በጥብጣቡ አድርጎ ወደ ብሎኑ፣ ከብሎኑ ወደ መኪናው ብረት ይሄዳል። ደግሞ በአንድ እጅ ይታሰራል። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀልድ አይደለም። ቦህሊን በኋላ ዘመኑ ሲያስረዳ፣ አብራሪዎች ነፍሳቸውን ካተረፈላቸው የፈለጉትን ያህል ትጥቅ ለመታጠቅ ፈቃደኞች እንደነበሩ፣ ተራው ሰው ግን መኪና ውስጥ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ እንዲጨንቀው እንደማይፈልግ ይናገር ነበር። ነጌሌን የሚያውቃት ይመስላል! እኛ ዘንድ ሹፌሩ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ቀበቶውን በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ያልፍና ወዲያው ይለቀዋል። ሹፌሩ እንዲያስር የሚያዝ ደንብ ቁጥር 208 በ2003 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ ልማዳችን ግን ከደንቡ ይከርራል።

ነሐሴ 13 ቀን 1959 ቀበቶው የተገጠመላት የመጀመሪያዋ መኪና፣ ፒቪ 544 የምትባል ቮልቮ፣ በደቡብ ስዊድን ክርስቲያንስታድ ለሚገኝ ነጋዴ ተላከች። አሜሪካም በሐምሌ 1962 የባለቤትነት መብቱን በቦህሊን ስም መዘገበች። ቮልቮ ግን መብቱን ይዞ ገንዘብ አልሰበሰበበትም። ማንም የመኪና ፋብሪካ ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ክፍት አደረገው። የአቡያ ላንድክሩዘር ጃፓን ተሠርታ የስዊድኑን ሰው ሐሳብ ይዛ ነጌሌ የደረሰችው በዚህ መንገድ ነው።

ሰው ግን ወዲያው አላመነም። ስለዚህ ቦህሊን ቁጥር ፈለገ። ስዊድን ውስጥ ቮልቮ መኪኖች የደረሰባቸውን ከ28,000 በላይ አደጋዎች መርምሮ በ1967 ለአሜሪካ ጉባኤ አቀረበ። ቀበቶ ያላሰሩት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ፍጥነት እንኳ ሞተው ተገኙ። በሦስት ነጥቡ ከታሰሩት መሀል ግን ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች የሞተ አልነበረም። እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ ይህን ሳነብ ቀናሁ። ክርክር በጩኸት ሳይሆን መዝገብ በማገላበጥ ሲረታ ማየት ደስ ይላል።

ከዚያ በኋላ አገሮች አንድ በአንድ ሕግ አወጡ። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት በ1970፣ ስዊድን ራሷ ለፊት ወንበር በ1975። በእኛ አገር በዚያው ዘመን አካባቢ፣ በመጋቢት 1961 ዓ.ም.፣ አበበ ቢቂላ ቮልስዋገኑ ተገልብጣበት እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ቀበቶ ያተርፈው ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ግን ሁለቱን ዓመቶች ጎን ለጎን ሳይ ልቤ ይደነግጣል። አበበን የመረጡ ጓደኞቼ ይቅር ይበሉኝ።

የቀረውን ሕይወቱን ባጭሩ ልጨርስ። ቦህሊን በቮልቮ እስከ 1985 ሠርቶ ጡረታ ወጣ። በዚያው ዓመት የጀርመን የፓተንት ቢሮ በመቶ ዓመት ውስጥ ለሰው ልጅ ከፍተኛ ጥቅም ከሰጡ ስምንት ፈጠራዎች አንዱ አድርጎ ቀበቶውን መረጠው። በ1995 የስዊድን የምህንድስና ሳይንስ አካዳሚ የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። በመስከረም 2002 በ82 ዓመቱ እዚያው ስዊድን ውስጥ ሞተ። ቮልቮ ቀበቶው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አትርፏል ብሎ ይገምታል።

አሁን ወደ አቡያ መኪና ልመለስ። ይህን ሁሉ አንብቤ ሳበቃ የጫማ ሰፊው ጥፋት የት ላይ እንደነበር ገባኝ። ልጁ አልሰነፈም። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሄዳ ድንገት ብትቆም፣ ውስጥ ያለው ሰው ከሦስተኛ ፎቅ እንደወደቀ ያህል ነው የሚመታው። የፋብሪካው ጥብጣብ ያን ለመሸከም በሺህ በሚቆጠሩ የፖሊስተር ክሮች የተሸመነ ነው። ቦህሊን ከአጥንት እስከ መኪናው ብረት የዘረጋው መንገድ አንድ ወጥ ነው፤ መሀሉ ላይ የጫማ ክር ስታስገባ መንገዱ እዚያ ላይ ይቆረጣል። ለዚህ ነው የሳሳ ጥብጣብ የማይሰፋው፣ የማይቋጠረው፤ ይለወጣል እንጂ።

አቡያን ማሳመን ግን እንደ ማንበቡ አልቀለለም። ቀበቶው ተበጠሰ እንጂ መቆለፊያው ደህና ነው አሉ። እኔም የሹፌሩን ቀበቶ በእጄ ድንገት ጎተት አድርጌ አሳየኋቸው። መጠቅለያው መቆለፍ ሲገባው ዝም ብሎ ተለቀቀ፤ ውስጡ አቧራ ሞልቶታል። እሳቸው ያሰሩት የነበረው ጌጥ ነበር ማለት ነው። ዝም አሉ። ዝምታቸውን ስለማውቀው ተስፋ አደረግሁ።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያለ ዘመድ ጠየቅን። ከተጋጨ መኪና የተፈታ ቀበቶ በርካሽ አለ አለን። አቡያ ደስ አላቸው፤ እኔ እምቢ አልኩ። በግጭት ጊዜ አንድ ጊዜ የተለጠጠ ጥብጣብ ጉልበቱን ጨርሷል፤ ሲያዩት ደህና ይመስላል። በመጨረሻ ለዚያችው ሞዴል የሚሆን፣ መጠቅለያውም መቆለፊያውም አብሮት ያለ ያልተነካ አዲስ ቀበቶ ተገኝቶ በአውቶቡስ መጣ። ዋጋው አቡያን አሳመማቸው። ከሐኪም ቤቱ ሂሳብ ጋር አላወዳደርኩትም፤ እሳቸው ራሳቸው ማታ ላይ ሲያወዳድሩት ሰማሁ።

ሲገጠምም አንድ ክርክር ነበር። መካኒኩ ከቆርቆሮው ውስጥ ተራ ብሎን አንስቶ ሊያስገባ ሲል አስቆምኩት። በአብዛኛው መኪና የቀበቶ ብሎን ልዩ ጥንካሬ ያለው ነው፤ ጥርሱም ከሌላው ብሎን የተለየ የኢንች ጥርስ ነው። የድሮዎቹን ብሎኖች ፈልገን በብሩሽ አጸዳናቸው። መጠቅለያውም እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ መቆም ነበረበት፤ ከተዛመመ በትክክል አይቆልፍም። መካኒኩ ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው ብሎ ሳቀብኝ፣ ግን አስተካከለው። ከእንግዲህ ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ብቻ እንዲታጠብ፣ በረኪና እንዳይነካው ለአቡያ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ።

እህቴ ከመቀመጧ በፊት ጥብጣቡን ሁለት ጊዜ ጎትታ ትሞክረዋለች። ሲቆልፍባት ትስቃለች። የግንባሯ ጠባሳ ሲስቁ የሚሸበሸበው ቦታ ላይ ነው።

ጫማ ሰፊው የሰፋውን አሮጌ ጥብጣብ አቡያ አልጣሉትም። ፖርቶ መጋላው ላይ ጀሪካን ያስሩበታል።