ማዳም ክሊኮ

ማዳም ክሊኮ (ሙሉ ስም፦ ባርብ-ኒኮል ክሊኮ፤ የትውልድ ስም፦ ፖንሳርዳን፤ ዲሴምበር 16 ቀን 1777 – ጁላይ 29 ቀን 1866 እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይ የሻምፓኝ አውራጃ የወይን ጠጅ አምራችና ነጋዴ ነበሩ። በ27 ዓመታቸው ባላቸው ሞተውባቸው የቤተሰቡን ድርጅት ተረከቡና በዓለም ከታወቁት የሻምፓኝ ቤቶች አንዱ አደረጉት። ድርጅቱ እስከ ዛሬ የሚጠራበት «ቨቭ ክሊኮ» የሚለው ስም ባል የሞተባት ወይዘሮ ክሊኮ ማለት ነው። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ጋብቻ

ባርብ-ኒኮል የተወለዱት በራንስ ከተማ ነው። አባታቸው ኒኮላ ፖንሳርዳን ባለጸጋ የጨርቃ ጨርቅ አምራች ነበሩ። በ1789 የፈረንሳይ አብዮት ሲነሣ ከአብዮተኞቹ ጋር ወገኑ፤ በኋላ በናፖሌዎን ዘመን ደግሞ የራንስ ከንቲባ ሆኑ፣ የባሮንነት ማዕረግም ተሰጣቸው።

በ1798 ባርብ-ኒኮል ፍራንሷ ክሊኮን አገቡ። የፍራንሷ አባት ፊሊፕ ክሊኮም በጨርቃ ጨርቅ የከበሩ ሰው ሲሆኑ፣ የወይን ጠጅ ንግዱን በ1772 የጀመሩት በተጨማሪ ሥራነት ነበር። ባልና ሚስቱ በ1799 ክሌማንቲን የተባለች አንዲት ልጅ ወለዱ።

የባል ሞትና ድርጅቱን መረከብ

ፍራንሷ የወይን ጠጁን ንግድ ለማስፋት ሲጥሩ ቆይተው በኦክቶበር 1805 በትኩሳት በሽታ ሞቱ። አባታቸው በሐዘን ተሰብረው ድርጅቱን ለመዝጋት ወሰኑ። ባርብ-ኒኮል ግን ሥራውን ራሳቸው እንዲይዙት አማታቸውን አሳመኑ። ፊሊፕ የተስማሙት ባርብ-ኒኮል ልምድ ካለው ሰው ጋር ተሻርከው እንዲማሩ ነበር፤ ስለዚህ አሌክሳንደር ፉርኖ ከተባሉ ወይን ጠማቂ ጋር ለ4 ዓመት ሠሩ።

በ1804 በወጣው የናፖሌዎን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ውል መዋዋል አትችልም ነበር። ባል የሞተባት ግን በራሷ ስም መነገድ ትችል ነበር። ሽርክናው በ1810 ሲያበቃ ማዳም ክሊኮ ድርጅቱን «ቨቭ ክሊኮ ፖንሳርዳን» ብለው ሰየሙት። ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ ያለው «ቨቭ» የሐዘን ምልክት ብቻ ሳይሆን ሴትዮዋ ለመነገድ ያስቻላቸው ሕጋዊ ማንነትም ነው።

የጦርነት ዘመንና የሩሲያ ገበያ

የናፖሌዎን ጦርነቶች ወደቦችን ስለዘጉ ሽያጩ እጅግ ወደቀ። በ1811 ታላቅ ጅራታም ኮከብ በሰማይ በታየበት ዓመት የወይኑ ምርት በጣም ያማረ ሆነ፤ ቤቱም በቡሹ ላይ የኮከብ ምልክት አተመ።

በ1814 ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ማዳም ክሊኮ ሌሎች ነጋዴዎች ሳይነቁ 10,550 ጠርሙስ በመርከብ ወደ ባልቲክ ባሕር ላኩ። ወኪላቸው ሉዊ ቦን ጭነቱን ይዘው ኮኒግስበርግ ደረሱ፤ ወይን ጠጁም በውድ ዋጋ ተሸጠ። ሌላ ጭነት ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተከተለ፤ ከዚያ በኋላ የክሊኮ ስም በሩሲያ መኳንንት ዘንድ የታወቀ ሆነ። በቅድመ አያቱ በአብራም ሃኒባል ምክንያት በኢትዮጵያ የሚወደደው ገጣሚ አሌክሳንደር ፑሽኪንም «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» በተባለው ሥራው ይህን ወይን ጠጅ ይጠቅሰዋል።

ደለሉን የማጥራት ዘዴ

ሻምፓኝ ሁለት ጊዜ ይፈላል። ሁለተኛው ፍላት ቡሽ በተደፈነበት ጠርሙስ ውስጥ ስለሆነ ጋዙ መውጫ አያገኝም፤ መጠጡ አረፋ የሚኖረው በዚህ ነው። ችግሩ የሞተው እርሾም አብሮ መቅረቱ ነው። በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም አካባቢ ጠጅ የሚጥል ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ጠጅ ግን ከጋኑ ሲቀዳ ተጠልሎ አምቡላው ይቀራል። ሻምፓኝ እንዲህ ቢጠለል ጋዙ ይጠፋል። በዚያን ጊዜ ነጋዴዎች መጠጡን ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ይገለብጡት ነበር፤ ይህም ብዙ ያባክን ነበር።

ማዳም ክሊኮ በ1816 አካባቢ ጠረጴዛ አስበስተው ጠርሙሶቹን አንገታቸውን ቁልቁል አድርገው እንደሰኩ ይነገራል። ሠራተኞች ለሳምንታት ጠርሙሶቹን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ሲያዞሯቸው ደለሉ ወደ ቡሹ ይወርዳል። ከዚያ ቡሹ ሲነቀል ጋዙ ደለሉን ገፍቶ ያስወጣዋል፤ የጎደለው ተሞልቶ እንደገና ይደፈናል። የምድር ቤቱ ኃላፊ አንቷን ሙለር ቀዳዳዎቹን ሰያፍ በማድረግ ዘዴውን አሻሻሉ። ማዳም ክሊኮ በ1818 ቀይና ነጭ ወይን ጠጅ ቀላቅለው ሮዝ ሻምፓኝ እንደሠሩም ድርጅቱ ይገልጻል።

በጠርሙስ ላይ የሚገኙ ቃላት

ደለሉ ከወጣ በኋላ ጠርሙሱ ሲሞላ ስኳር ይጨመራል። በሻምፓኝ መለያ ወረቀት ላይ የሚጻፉት ቃላት በአንድ ሊትር ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን ያሳያሉ፦

- ብሩት፦ ከ12 ግራም በታች
- ኤክስትራ ድራይ፦ ከ12 እስከ 17 ግራም
- ሴክ፦ ከ17 እስከ 32 ግራም
- ደሚ ሴክ፦ ከ32 እስከ 50 ግራም
- ዱ፦ ከ50 ግራም በላይ

«ሴክ» ቃሉ ደረቅ፣ ማለትም የማይጣፍጥ፣ ማለት ቢሆንም መጠጡ ይጣፍጣል፤ ስሙ የወጣው ሁሉም ሻምፓኝ እጅግ ጣፋጭ በነበረበት ዘመን ነው። አረፋ በሌለው ወይን ጠጅ ግን ልኩ ሌላ ነው። ስለዚህ በዝዋይ (ባቱ) በሚመረተው «አኬሺያ» ላይ ያለው «ድራይ» ከሻምፓኙ «ሴክ» ጋር አንድ አይደለም።

ሌሎች ጽሑፎች ወይን ጠጁን ማን እንደሠራው ይናገራሉ። በሻምፓኝ ጠርሙስ ላይ በትንሹ የሚጻፈው «አር.ኤም.» አምራቹ ከራሱ እርሻ ወይን እንደጠመቀ፣ «ኤን.ኤም.» ደግሞ ወይን ከሌሎች ገበሬዎችም ሊገዛ የሚችል ነጋዴ ቤት መሆኑን ያመለክታል። ቨቭ ክሊኮ ከሁለተኛው ወገን ነው። ስለዚህ በመለያው ላይ የቤተሰብ ስም መኖሩ ብቻ ወይኑ ከዚያ ቤተሰብ እርሻ መምጣቱን አያረጋግጥም።

ውርስና ሞት

ማዳም ክሊኮ ድርጅቱን ለልጃቸው አላወረሱም። ክሌማንቲን በ1817 ያገቡት ካውንት ሉዊ ደ ሸቪኜ ገንዘብ አባካኝ ነበሩ። ማዳም ክሊኮ የመረጡት በ1821 በሠራተኝነት የገቡትንና በ1831 ሸሪክ የሆኑትን ጀርመን-ተወላጅ ኤዱዋርድ ቬርሌን ነበር። በ1841 ከዕለት ሥራ ራሳቸውን አገለሉ፤ በ88 ዓመታቸውም በቡርሶ ቤተ መንግሥታቸው አረፉ። ድርጅቱ ወደ ቬርሌ ቤተሰብ ተላለፈ፤ የክሊኮ ስም ግን በጠርሙሱ ላይ ቀረ።

ከሞታቸው በኋላ

የድርጅቱ ቢጫ መለያ ወረቀት በ1877 በንግድ ምልክትነት ተመዘገበ። ከ1987 ጀምሮ ቤቱ የኤል.ቪ.ኤም.ኤች. ኩባንያ አካል ነው።

በ2010 ጠላቂዎች በባልቲክ ባሕር፣ በፊንላንድ የኦላንድ ደሴቶች አጠገብ ከሰጠመ መርከብ 168 የሻምፓኝ ጠርሙሶች አገኙ። ወረቀት ስላልነበራቸው የተለዩት በቡሻቸው ላይ በታተመው ምልክት ነው፤ ከመካከላቸውም የቨቭ ክሊኮ ነበሩበት። ሲመረመሩ በሊትር 140 ግራም ያህል ስኳር ተገኘባቸው፤ ይህም ዛሬ «ብሩት» ለመባል ከሚፈቀደው ከ10 እጥፍ በላይ ነው።