በቆሎን በመልኩ ሳይሆን በሚዛን የለዩ ሰው፦ ሄንሪ ዋላስ

ለዘር የሚሆን በቆሎ ስንመርጥ ዓይናችን የሚያርፈው ረጅምና ፍሬው በሞላ ዛላ ላይ ነው። መልክ ብቻውን እንደሚያሳስት ገና በልጅነታቸው በማሳ ላይ ያረጋገጡት ሄንሪ ዋላስ ናቸው።

ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1888 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ተወለዱ። አያታቸውና አባታቸው የገበሬዎች ጋዜጣ አዘጋጆች ነበሩ። ስለ ዕፅዋት ቀድመው ያስተማሯቸው በባርነት የተወለዱት ዕውቁ የእርሻ ሊቅ ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ናቸው።

በዚያ ዘመን በአዮዋ የበቆሎ ውድድር ይካሄድ ነበር። ዳኞች የሚሸልሙት ያማረውን ዛላ ነው። ዋላስ በ1904 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገና 16 ዓመት ሳይሞላቸው ከውድድሩ ዛላዎች ፍሬ ወስደው የየአንዳንዱን ለብቻው ዘሩ፤ ሲሰበሰብም መዘኑት። በመልኩ አንደኛ የተባለው በምርት ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያም የሹልንና የኢስትን ምርምር ተከትለው በቆሎን ማዳቀል ጀመሩ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። በቆሎ ለተከታታይ ዓመታት በራሱ ብናኝ ሲዳቀል ይቀጭጫል። ሁለት የተለያዩ የቀጨጩ መስመሮች ተመርጠው ሲዳቀሉ ግን ልጃቸው ከሁለቱም ይበረታል። ቡቃያው ፈጥኖ ይነሣል፣ ቅጠሉ ቶሎ ይሰፋል፣ ብዙ ብርሃን ይቀበላል። ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው በፀሐይ ብርሃን በመሆኑ በጊዜ የሰፋ ቅጠል ለፍሬው ስንቅ ነው።

በ1924 ኮፐር ክሮስ የተባለው ድቅላቸው በአዮዋ የምርት ውድድር የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። በ1926 የመሠረቱት የዘር ድርጅት በኋላ ፓዮኒር ተብሎ ታወቀ፤ ዘሩ በአገራችንም ተዘርቷል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአዮዋ ድቅል በቆሎ የሚዘሩ ጥቂቶች ነበሩ፤ በ10 ዓመት ገደማ ውስጥ ግን የግዛቲቱ የበቆሎ ማሳ ከሞላ ጎደል በድቅል ተሸፈነ።

ዋላስ ከ1933 ጀምሮ የእርሻ ሚኒስትር፣ ከ1941 እስከ 1945 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል። በ1965 አረፉ።

እኔም በልማት ጣቢያዬ ከድቅል በቆሎ ማሳ ያማረውን ዛላ መርጠው ለከርሞ ዘር የሚያስቀምጡ አርሶ አደሮች ያጋጥሙኛል። በየዓመቱ ዘር መግዛት ከባድ ወጪ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ሆኖም የድቅል ብርታት በሁለተኛው ዘር ይቀንሳል፤ ቡቃያው አንድ ዓይነት አይሆንም፣ ምርቱም ይወርዳል። የሚጠራጠር ካለ እንደ ዋላስ ያድርግ፦ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርቶ በመኸር ይመዝን።