ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፦ እውቀት የሀብት ምንጭ መሆኑን ያስተማሩት የድሬዳዋ ሹም

ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎች የንግድ ሥራ ትምህርት የሚከታተሉ ወጣቶች ፈጠራንና ሥራ ፈጣሪነትን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማራሉ። አዲስ እውቀት እንዴት ወደ ምርት፣ ምርትም እንዴት ወደ ሀብት እንደሚለወጥ ይመረምራሉ። ይህንኑ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በአማርኛ በስፋት የጻፉበት ሰው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በዘመናቸው በኢትዮጵያ አንድም ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ስለ ንግድ የጻፉት ግን በቅርብ የሚያውቁትን ነው። የጅቡቲን ወደብ ከኢትዮጵያ ጋር በሚያገናኘው የባቡር መስመር ላይ በተቆጣጣሪነት፣ በድሬዳዋም በነጋድራስነት አገልግለዋልና።

ከምጽዋ እስከ በርሊን

ገብረ ሕይወት እ.አ.አ. በ1886 በትግራይ፣ በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። በሕፃንነታቸው በምጽዋ አቅራቢያ በምንኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። አንድ ቀን ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ወደቡ ወርደው ከአንድ መርከብ ላይ ወጡ፤ መርከቡም ይዟቸው ወደ አውሮፓ ሄደ። ኦስትሪያ ሲደርሱ አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ተቀብሎ አሳደጋቸው። የጀርመንኛን ቋንቋ በሚገባ ተማሩ፤ ኋላም በበርሊን የሕክምና ትምህርት እንደተከታተሉ ይነገራል።

ያደጉበት አውሮፓ ፋብሪካና ባቡር የተስፋፋበት ነበር። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያገኙት ደግሞ ለም መሬትና ታታሪ ገበሬ እያለ ድህነት ያልለቀቀውን ሕዝብ ነው። የዚህ ልዩነት ምክንያት ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለያቸውም።

ከቤተ መንግሥት ወደ ስደት

ገብረ ሕይወት በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በጠና ሲታመሙ ግን ቤተ መንግሥቱ በሥልጣን ሽኩቻ ተወጠረ፤ እርሳቸውም ከእቴጌ ጣይቱ ወገን ጋር ባለመስማማታቸው ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

እ.አ.አ. በ1912 «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተሰኘው ጽሑፋቸው ታተመ። ለወጣቱ ገዢ ለልጅ ኢያሱ ያቀረቡት ምክር በውስጡ ይገኛል። የንጉሡ ገንዘብ ከመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብር በልክና በገንዘብ እንዲተመን፣ የጉምሩክ ሥርዓቱ አንድ ወጥ እንዲሆን፣ ሕግ እንዲጻፍና ትምህርት እንዲስፋፋ ጠየቁ።

በዚያን ዘመን ገበሬው ሹም ይመግባል፣ ወታደር ያስተናግዳል፤ የሚከፍለውም ቁርጥ ያለ መጠን አልነበረውም። ብዙ ያመረተ ሰው ብዙ ሊወሰድበት ስለሚችል ምርቱን ለመጨመር የሚተጋበት ምክንያት አልነበረውም። ነጋዴም ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲሻገር በየኬላው ቀረጥ ይጠየቅ ነበር። ገብረ ሕይወት ሠራተኛው የድካሙን ዋጋ እንደሚያገኝ እርግጠኛ ካልሆነ አገር ሊበለጽግ እንደማይችል ያምኑ ነበር።

የጅቡቲ መስመር

የባቡር ሐዲዱ ሥራ እ.አ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጦት ስለወደቀ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስመር አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በረሃማዋ ጅቡቲ በዚህ ሐዲድ ምክንያት የኢትዮጵያ ዋነኛ የባሕር በር ሆነች። ድሬዳዋም ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በቆላው በማለፉ የተቆረቆረች የንግድ ከተማ ናት።

ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው፤ የሹመቱ ዋና ሥራ ንግድንና ቀረጥን መቆጣጠር ነበር። ገብረ ሕይወት በዚህ ሹመት ላይ ሳሉ በከተማዋ የሚያልፈው ንግድ ምን እንደሚመስል ግልጽ ነበር። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ቡና፣ ቆዳ፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ፣ ከጅቡቲ የሚወጣው ደግሞ በፋብሪካ የተሠራ ጨርቅና ሌላ ሸቀጥ ነበር። ኢትዮጵያ በገቢ ዕቃ ላይ እንደልቧ ቀረጥ መጣልም አትችልም ነበር። እ.አ.አ. በ1908 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል የቀረጡን ጣሪያ በ10 በመቶ ወስኖት ነበርና።

እውቀትና ሀብት

«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው ዋና ሥራቸው ገብረ ሕይወት የሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን፣ ሥራን ፍሬያማ የሚያደርገው ደግሞ እውቀት መሆኑን አስረዱ። እውቀት ያለው ሕዝብ በመሣሪያ እየታገዘ በጥቂት ድካም ብዙ ያመርታል፤ እውቀት የጎደለው ሕዝብ በብዙ ድካም ጥቂት ያገኛል። ሁለቱ ሲገበያዩ አንዱ የብዙ ቀን ልፋቱን ሰጥቶ የሌላውን የጥቂት ሰዓት ሥራ ይወስዳል። ገበያው ሰላማዊ ቢመስልም ያላወቀው ለዐዋቂው ይገዛል። ስለዚህ በጦር ሜዳ የተጠበቀ ነፃነት በእውቀትና በምርት ካልተደገፈ ዘላቂ እንደማይሆን አስጠነቀቁ።

ከዘመናዊው የሥራ ፈጣሪነት ትምህርት የሚለዩበት አንድ ነገር አለ። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከግለሰቡ ሐሳብና ድፍረት ሲሆን፣ እርሳቸው ግን የጀመሩት ከመንግሥት ነው። የታወቀ ግብር፣ የተጻፈ ሕግ፣ የተስተካከለ ገንዘብ፣ መንገድና ትምህርት ቤት በሌለበት አገር የአንድ ሰው ብልሃት ሩቅ አይሄድም የሚል እምነት ነበራቸው። ሥልጣኔን በራሷ መንግሥት መሪነት ያስገባችውን ጃፓንን በአርአያነት ይመለከቱ ነበር። ለውጡ ሁሉ ከበላይ እንዲመጣ መጠበቃቸው የሐሳባቸው ደካማ ጎን ነው የሚሉ አሉ፤ ምክራቸውን የሚፈጽም ገዢ ሳያዩ ማለፋቸውም እውነት ነው።

ከሞት በኋላ የታተመ መጽሐፍ

ገብረ ሕይወት እ.አ.አ. በ1919፣ ገና በ30ዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳሉ አረፉ። ዋና ሥራቸው በአዲስ አበባ የታተመው በ1924፣ ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በ1995 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን ውስጥ ወጣ። የታሪክና የምጣኔ ሀብት ምሁራን በእኩል ያልሆነ ልውውጥ ላይ ያቀረቡትን ትንታኔ፣ በሌሎች አህጉራት ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ከተነሱ ተመሳሳይ ሐሳቦች ጋር ያነጻጽሩታል።

እ.አ.አ. በ2016 ጅቡቲንና አዲስ አበባን የሚያገናኝ አዲስ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመርቋል። አብዛኛው የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ዛሬም የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። በወጪው ጭነት ቡና፣ በገቢው ጭነት የፋብሪካ ውጤት አሁንም ጎልተው ይታያሉ። የድሬዳዋው ነጋድራስ ያነሱት ጥያቄም መልሱን ከሚሹት መካከል ነው።