ማሪያ ቴሬዛ

ማሪያ ቴሬዛ (ሜይ 13 ቀን 1717 – ኖቬምበር 29 ቀን 1780 እ.ኤ.አ.) የኦስትሪያ ገዢ፣ የሀንጋሪና የቦሄሚያ ንግሥት ነበረች። በኢትዮጵያ ይበልጥ የምትታወቀው መልኳ በተቀረጸበት ጠገራ ብር ነው።

የሕይወት ታሪክ

ማሪያ ቴሬዛ በቪየና ከተማ ተወለደች። አባቷ ካርል 6ኛ ሴት ልጅም ግዛታቸውን እንድትወርስ በ1713 እ.ኤ.አ. አዋጅ አወጡ። በ1740 ሲሞቱ ግን አዋጁን ተቀብለው ከነበሩት ነገሥታት አንዳንዶቹ ተነሡባት። የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ ሲሌዢያ የተባለውን ሀብታም አውራጃ ያዘ። እስከ 1748 በቆየው ጦርነት ሲሌዢያን ማስመለስ ባትችልም አብዛኛውን ግዛቷን አዳነች። ከባሏ ከፍራንሲስ ስቴፈን 16 ልጆች ወለደች፤ ከነዚህም አንዷ የፈረንሳይ ንግሥት የሆነችው ማሪ አንቷኔት ናት። በ1774 ወንዶችም ሴቶችም ልጆች እንዲማሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች።

የተቀረጸው መልክ

በዚያ ዘመን የአውሮፓ መኳንንት በመዳብ ላይ ተቀርጾ በወረቀት የሚታተም ምስላቸውን የክብር ምልክት ያደርጉት ነበር። የነገሥታት መልክ ግን እስከ ተራው ሰው እጅ የሚደርሰው በገንዘብ ነበር። ባሏ በ1765 ከሞተ በኋላ ማሪያ ቴሬዛ እስከ ዕለተ ሞቷ ጥቁር ለብሳ ኖረች። በብሩ ላይ የሚታየውም የመበለት ሻሽ የተከናነበች፣ ዘውድ መሰል ጌጥ የደፋች፣ ትከሻዋ ላይ የዕንቁ ጌጥ ያላት ሴት ናት። ከሞተች በኋላም ብሩ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ መታተሙ ቀጠለ።

በኢትዮጵያ

ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ነጋዴዎች በቀይ ባሕርና በሱዳን በኩል ያስገቡት ነበር። በጎንደርና በሱዳን መካከል ባለው የመተማ ገበያ ቡናና ሰም ይሸጥበት ነበር። ተቀባዩ የጌጡን ዕንቁዎች አንድ በአንድ ይመረምራል፤ መልኩ የደበዘዘ ብር የያዘ ሰው ብሩ ሙሉ ክብደት ቢኖረውም እንኳ ሳይገበይ ሊመለስ ይችል ነበር። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት የመጣው የእንግሊዝ ጦር ስንቅና አጋሰስ ለመግዛት ይህንኑ ብር በብዛት ይዞ መጣ።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር በፓሪስ አሳተሙ። ቀራጩ ዣን ላግራንዥ ነበር። የአገር ገዢ መልክ በገንዘቡ ላይ መኖሩ የነጻነት ምልክት ነበር፤ ሆኖም ሕዝቡ የለመደውን ቶሎ አልተወም። ጠገራ ብር ከመገበያያነት የወጣው በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከታወጀ በኋላ ነው። ብዙው በአንጥረኞች እጅ ቀልጦ መስቀልና የአንገት ጌጥ ሆኗል።