ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምና የስሜን ግዛት

ከመንግሥት ተለይቶ የቆመ ግዛት የሚመለስበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ ጦር፥ ሁለተኛው ዕርቅ ነው። ጦር ምድሩን ይመልሳል፤ ልብን ግን የሚመልሰው ዕርቅ ነው። ይህንም የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ታሪክ ያስረዳል።

ውቤ የራስ ገብሬ የልጅ ልጅ ነበሩ። በዘመነ መሳፍንት ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር በስም ብቻ ሲቀመጥ፥ ሥልጣኑ በየጁ ራሶች እጅ ነበረ። ከጎንደር በዳባትና በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን የሚወርደው መንገድ ወደ ትግሬና ወደ ምጽዋ ስለሚያደርስ፥ ስሜንን የያዘ ሰው ለጎንደር በር ጠባቂ ነበረ፤ ተራራውም ለተጣላ መኰንን ምሽግ ይሆነው ነበር። በ1823 ዓ.ም. የትግሬው ደጃዝማች ሰባጋዲስ ድል ሆነው ከተገደሉ በኋላ ውቤ ትግሬን ጨምረው ያዙ፤ ከባሕር በር የሚገባውም ጠመንጃ ኃይላቸውን አበዛው።

በ1834 ዓ.ም. ከግብጽ የመጡትን አቡነ ሰላማን ይዘው በራስ ዓሊ ላይ ዘመቱ። በደብረ ታቦር ድል ካደረጉ በኋላ ግን በድሉ ደስታ ተዘናግተው ሳሉ በድንገት ተማረኩ። በዚህ ጊዜ ዕርቅ ስለ ወረደ ተፈትተው ወደ ግዛታቸው ተመለሱ። ከዚህም በኋላ በደረስጌ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን በጀርመናዊው በሺምፐር ረዳትነት አሠሩ።

ነገር ግን የቋራው ካሣ በ1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊን በአይሻል ድል አድርገው ወደ ስሜን ወጡ። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ውቤ በደረስጌ ድል ሆነው ተማረኩ። ከጥቂት ቀንም በኋላ ካሣ፥ ውቤ ባሠሩት በዚያው ቤተ ክርስቲያን፥ ውቤ ባስመጧቸው በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ስሜንና ትግሬ ወደ ዘውዱ ቢመለሱም ዕርቅ አልወረደም። የውቤ ዘመድ አገው ንጉሤ ሸፍተው የፈረንሳይን መንግሥት እርዳታ ለመኑ፤ እስከ ተገደሉበትም እስከ 1853 ዓ.ም. ድረስ ትግሬን ያዙ። ዐፄ ቴዎድሮስ የውቤን ልጅ እመቤት ጥሩወርቅን አግብተው ልዑል ዓለማየሁን ወለዱ፤ ነገር ግን ጋብቻው የዕርቅን ሥራ አልሠራም። ውቤም ወደ ግዛታቸው ሳይመለሱ በ1859 ዓ.ም. ግድም ሞቱ። በዚያን ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ያልሸፈተ አገር ጥቂት ነበረ።

በዚያው በ1853 ዓ.ም. በአሜሪካ አሥራ አንድ ግዛቶች ስለ ባርነት ጉዳይ ከኅብረቱ ተለይተው ነበር። ጦርነቱ በ1857 ዓ.ም. ካለቀ በኋላ እስከ 1862 ዓ.ም. ድረስ ሁሉም ወደ ኅብረቱ ተመለሱ፤ የተለዩት ግዛቶች መሪ ጄፈርሰን ዴቪስም በ1859 ዓ.ም. ከእስር ተፈቱ። ይሁን እንጂ ጌቶች ሲታረቁ ነጻ የወጡት ባሮች መብት ብዙ ዘመን ተረግጦ ቀረ። እንግዲህ ዕርቅ የተበደለውን ከረሳ ጐደሎ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ ማሰባቸው ታላቅ ነው። ነገር ግን ድል የሆነው ሰው በአገሩ ሥራና ክብር ካላገኘ፥ ወገኑ ሌላ መሪ ይፈልጋል። የአገር አስተዳዳሪም የሃይማኖት አባትም ከደረስጌ ሊማሩት የሚገባ ይህን ነው፤ ጦር ያቆመውን ጠብ ሽማግሌ ካልጨረሰው፥ ልጅ ከአባቱ ይወርሰዋል።