የሆለታው የጦር አስተማሪ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ ጎረቤላ ሲደርስ ምድሪቱ ወደ አፋር ቆላ ድንገት ስትወርድ ያያል። ይህ የገደል አፋፍ ከአንኮበር ወደ ሰሜን ተዘርግቶ ጣርማ በር ይደርሳል፤ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው የመኪና መንገድ ወደ ደጋው የሚወጣውም በዚያ በር ነው። በ1928 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር አንድ የጦር አስተማሪ፥ ትምህርታቸውን ገና ካልፈጸሙት ተማሪዎቹ ጋራ ሆኖ፥ በዚህ በር ላይ ጠላትን ይጠባበቅ ነበር። ስሙ ቪኪንግ ታም ይባላል።

ታም የተወለደው በስዊድን አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ነው፤ ይኸውም የዓድዋ ድል የተገኘበት ዓመት ነው። ካደገ በኋላ በአገሩ ጦር ውስጥ ገብቶ እስከ ካፒቴንነት ማዕርግ ደረሰ።

በዚያ ዘመን አብዛኛው የኢትዮጵያ ወታደር ጀግንነትን ከአባቱ ይወርስ ነበር እንጂ የጦርን ሥራ በትምህርት ቤት አይማርም ነበር። ክተት ሲታወጅ ሰው ሁሉ ስንቁን ጭኖ፥ መሣሪያውን ይዞ ጌታውን ይከተላል፤ ጌታው የወደቀ እንደ ሆነ ግን ጦሩ ብዙ ጊዜ ይፈታል። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይህን ስላወቁ የክብር ዘበኛን የሚያሠለጥኑ የቤልጅግ መኮንኖች አስቀድመው አስመጥተው ነበር። ይሁን እንጂ ጦርን ለዘወትር በባዕድ አስተማሪ ማኖር አይቻልምና፥ የአገሩ ተወላጅ መኮንኖች ያስፈልጉ ነበር። ስለዚህ በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት፥ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፥ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስተማሪዎቹ አምስት የስዊድን መኮንኖች ነበሩ፤ አለቃቸውም ካፒቴን ታም ነበረ።

ወታደርን ማሠልጠን አንድ ሥራ ነው፤ መኮንንን ማሠልጠን ግን ሌላ ነው። ወታደር ተኩሶ መምታትን፥ ምሽግ መቆፈርን፥ ሌሊት ነቅቶ መጠበቅን ካወቀ ይበቃዋል። መኮንን የሚሆነው ይህን ሁሉ በገዛ እጁ ከሠራ በኋላ ካርታ ማንበብን፥ ርቀት መገመትን፥ የሰዎቹን ስንቅና ጥይት መቍጠርን ይማራል። ከሁሉም የሚከብደው፥ ሰውን ወደ ሞት የሚልክ ትእዛዝ ከአፉ ሳይወጣ በፊት ይጠቅም እንደ ሆነ መመርመር ነው። ይህ በጥቂት ወር የሚጠና አይደለም። ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የመጡ ለጋ ወጣቶች ነበሩ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ሲሻገር ትምህርት ቤቱ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ስዊድን በዚህ ጦርነት አልገባችም፤ ታምም የመጣው ለማስተማር ነበር እንጂ ለመዋጋት አልነበረም። ወደ አገሩ ቢመለስ ማንም ባልነቀፈው ነበር። እርሱ ግን አልሄደም። ትናንት ተማሪ የነበሩት ልጆች ዛሬ አሠልጣኞች ሆኑና፥ ከየስፍራው የተሰበሰበውን አዲስ ወታደር ማስተማር ጀመሩ፤ ራሳቸው በግማሽ ያወቁትን ለሌላው በሙሉ ማስተማር ግድ ሆነባቸው።

ከማይጨው ጦርነት በኋላ የማርሻል ባዶልዮ ጦር ደሴን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ገሠገሠ። ያን ጊዜ ይህ አዲስ ጦር ወደ ጣርማ በር ተላከ፤ ታምም አብሮ ወጣ። ዛሬ መንገደኛ የሚያልፍበት የተፈለፈለ ዋሻ በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ እርሱን ኢጣልያኖች በኋላ የሠሩት ነው። ስፍራው ጽኑ ቢሆንም ጠባቂዎቹ ጥቂቶች ነበሩ፤ በላያቸው አውሮፕላን፥ በፊታቸው ታንክ ነበረ። መንገዱ ስለ ፈረሰ የጠላት መኪናዎች እስኪጠገን ድረስ ተገትረው ቆዩ። ከዚህ የሚበልጥ ነገር ግን ሊደረግ አልተቻለም፤ ጦሩም ለቆ ሄደ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ወጡ፤ በ27 ጠላት ገባ።

ታም ወደ ስዊድን ተመልሶ በኢትዮጵያ ስላገለገለበት ጊዜ መጽሐፍ ጻፈ። በ1940 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ፊንላንድ ከሩስያ ጋራ ስትዋጋ፥ በፈቃዳቸው ከዘመቱት ስዊድናውያን ጋራ ወደዚያ ሄደ። የተጠቃች አገር ስትጠራ ቤቱ መቀመጥ የሚችል ሰው አልነበረም ይመስላል። ኋላም ጄኔራል ሆኖ በ1975 ሞተ።

ከተማሪዎቹ ብዙዎች ግን እርጅናን አላዩም። አያሌዎች ወደ ምዕራብ ሄደው በጥቁር አንበሳ ማኅበር ተዋጉ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ክፍሌ ነሲቡ ከራስ እምሩ ጋራ ተማረከ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላም ተገደለ። ከሞት የተረፈው ሙሉጌታ ቡሊ አገሩ ነጻ ከወጣች በኋላ የክብር ዘበኛ አዛዥ ሆነ፤ የዘበኛውን ዕጩ መኮንኖች እንዲያሠለጥኑም የስዊድን መኮንኖች ዳግመኛ ተጠርተው መጡ። በሆለታ የሚገኘው የመከላከያ የቴክኒክ ኮሌጅ በዚሁ በሙሉጌታ ስም ተጠርቷል።